ላልቶ የሚነበብ ቃል

እስቲ ይህን ቃል ጮክ ብላችሁ አንብቡት፦ ይሰማል። አላላችሁት ወይስ አጠበቃችሁት? ላልቶ ሲነበብ የሚሰማ አንድ ባለጆሮ አለ ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ አንድ ድምፅ አለ፤ የማን እንደሆነ ግን ቃሉ አይናገርም። በጽሑፍ ሁለቱም አንድ ናቸው። ፊደላችን ለስንቱ ድምፅ መልክ ሲያወጣ ለዚህች ነገር ግን እጁ አጥሮበታል። አንባቢ ሁሉ ከአረፍተ ነገሩ ገምቶ ያልፋል፤ ገምቶ ማለፍም አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ነው ያልኩት።

ይህን ቃል መዝሙር ውስጥ ያስገባችው ሴት የማተሚያ ቤት አራሚ ናት። ቀኑን ሙሉ የሌሎችን ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ስታሳድድ ትውላለች፤ የሠርግ ጥሪ ሆነ የፈተና ወረቀት፣ የመድኃኒት ካርቶን ሆነ የሐዘን ማስታወቂያ ከእሷ ዓይን የሚያመልጥ የለም። ያመለጣት የገዛ ራሷ ስንኝ ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይሉ የለ።

በቤተ ክርስቲያኗ "ሹክሹክታ" ይሏታል። በፍቅር ነው የሚሏት፣ እሷም ትስቃለች፤ ሳቋም ቢሆን ድምፅ የለውም። ድሮ እንዲህ አልነበረችም። አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ከሥሩ ጎማ ቤት አለ፤ እሷ ስትዘምር ጎማ ጠጋኞቹ መዶሻቸውን አስቀምጠው ወደ ላይ ያንጋጥጡ ነበር። ከዚያ አንገቷ ላይ እብጠት ወጣባትና ቀዶ ጥገና ተደረገላት። እብጠቱ ሄደ፤ ሲሄድ ድምፅዋንም ይዞባት ሄደ። "ነርቩ ተነክቷል፣ ግን ሕይወትሽ ተርፏል" አላት ሐኪሙ። ዘመድ ሁሉ ተመስገን አለ፣ እሷም ተመስገን አለች። ነገር ግን ሳህን እያጠበች ዜማ ሊያመልጣት ሲል ከጉሮሮዋ ንፋስ ብቻ ሲወጣ ውሃውን ክፍት ትታ ታለቅሳለች።

ባሏ የአዳራሹ የድምፅ ባለሙያ ነው። ኪሱ ሳንቲም ቢያጣ ሽቦ ስለማያጣ "ባለሽቦው" ይሉታል። ባለሽቦው ሚስቱን ያገባው በጆሮው ነው። ሚክሰሩ ጀርባ ተቀምጦ፣ ሄድፎኑን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ፊቷን ከማየቱ በፊት ድምፅዋን ወደደ። "በኋላ ሳየው ፊቷም አልከፋም" እያለ ይቀልዳል። ከፍ ያለ ዜማ ላይ ልትደርስ ስትል ትንፋሿ ትንሽ ያደናቅፋት ነበር፤ ደረጃ ሲወጣ የመጨረሻዋ ላይ ጫማው እንደሚነካበት ሰው። "ይቺን እንቅፋትሽን ማንም እንዳያርማት፣ የኔ ናት" ይላት ነበር። ከሕመሟም በኋላ አልተለወጠባትም፤ ደግ ባል ነው። ብቻ "ምን አልሽ?" ይላታል። ሰው ሁሉ ይላታል፤ ባለሱቁም፣ አለቃዋም፣ ስልክ የደወለውም። የሌላውን ችላዋለች። የባሏ ግን ሁልጊዜ ያማታል።

መዝሙር መጻፍ የጀመረችው መዘመር ከቀረባት በኋላ ነው። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በጣቷ እየመታች ቀለም ትቆጥራለች፣ ፊደል በፊደል፤ ስንኙ ልክ ሲመጣላት ጣቶቿ በአንድ ላይ ያርፋሉ። ዜማውን ኪቦርድ ተጫዋቹ ይሠራዋል። ይህን አንዱን መዝሙር ግን ለመዘምራኑ ብላ አልጻፈችውም። ለማንም ያልነገረችው ፍርሃት ነበረባት፦ ያን ጊዜ ያ ድምፅ ሲወጣ ጌታ ሰምቷል እንበል፤ አሁንስ ይህን ንፋስ ይሰማዋል? ወይስ እሱም "ምን አልሽ?" ይል ይሆን? ፍርሃቷን በእምነት ልትረታው ብላ አዝማቹን እንዲህ አደረገችው፦

ጌታዬ ቅርብ ነው፣ መች ይርቃል፤
ሰው በሌለው ቤት ድምፅ ይሰማል፤
አፍም ሲዘጋ ድምፅ ይሰማል።

ላልቶ ነው። የሚሰማው ጌታ ነው።

መዘምራኑ መዝሙሩን በተማሩበት ቅዳሜ ጉንፋን ይዟት፣ ሐኪሙም ሹክሹክታውን ጭምር ከልክሏት፣ ቤት ነበረች። ወረቀቱን በባሏ እጅ ላከችው። የመዘምራኑ መሪ የሒሳብ መምህር ነው፤ ቁጥር ላይ እንጂ ስንኝ ላይ ጊዜ አያጠፋም። ቃሉን አጥብቆ አነበበው። ኪቦርድ ተጫዋቹ ደግሞ ቃሉን ሲጠብቅ ሰምቶ ዜማውን እዚያው ላይ አከበደው፤ ከበሮው መታበት፤ ከዚያ ሁሉም ትንፋሽ የሚወስዱበት አጭር ክፍተት ተተወ።

እሑድ ዕለት ወንበሯ ላይ ሆና ሰማችው። እጇ ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ይመስል ከጭኗ ላይ ተነሣ። ግን ያምር ነበር። ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ነበር። "ድምፅ ይሰማል" ሲሉ ስለሷ ድምፅ የሚዘምሩ መሰላትና አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ዝም አይነቅዝም ብላ እጇን መለሰችው። ተረቱ ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ዝምታ ግን ከማሽላ ቀድሞ ይነቅዛል።

በሚቀጥለው እሑድ ክፍተቱ ውስጥ አንድ ሰው ገባ።

ብዙዎቹ አላስተዋሉም። መሪው ግን አስተውሎ ተናደደ፤ ዝምታን ማበላሸት እሱ ዘንድ የተሳሳተ መልስ እንደ መጻፍ ነው። ረቡዕ ማታ ልምምድ ላይ መዘምራኑን አቁሞ "ትንፋሽ ቦታው ላይ የምትገቡት ማናችሁ?" አለ። ተያዩ።

"ጥሩ፤ እንቀንሳለን" አለ። የግራዎቹን ዝም አሰኝቶ የቀኞቹን አዘመረ። ክፍተቱ ውስጥ ድምፅ ነበር። የቀኞቹን ዝም አሰኘ፤ ድምፁ ነበር። ወንዶቹን፣ ከዚያ ሴቶቹን፣ ከዚያ አንድ በአንድ እያስቀመጠ ሄደና በመጨረሻ ራሱ ብቻ ቆሞ ቀረ። በዚያ በወፍራም ድምፁ "አፍም ሲዘጋ ድምፅ ይሰማል" ብሎ ዘመረና ትንፋሽ ወሰደ።

የሴት ድምፅ ነበር፤ ቀጭንና ጥርት ያለ። ዜማውን ከእሱ ተቀብሎ ወደ ላይ አወጣው፣ ጫፉ ጋ ሲደርስ ትንሽ ተደናቀፈ፣ ከዚያ ደረሰ።

ኪቦርድ ተጫዋቹ ጣቶቹን ከኪቦርዱ አንሥቶ ብብቱ ሥር ከተታቸው። "ከታች የጎማ ቤቱ ሬዲዮ ይሆናል" አለ መሪው፤ ድምፁ ግን እንደ መምህር ድምፅ አልነበረም። "ጎማ ቤቱ ዛሬ ዝግ ነው" አለች አንዷ ቀስ ብላ።

ባለሽቦው ሚክሰሩ ጋ ነበር። ምንም ያልተሰካበት መስመር ላይ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ስትል አየ። ሄድፎኑን አወለቀና ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ልምምዱን ስትከታተል የነበረችውን ሚስቱን ተመለከታት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው የገዛ ድምፁን ከውጭ ሲሰማው አያውቀውም። እሷም ያወቀችው በባሏ ፊት ነው። ያ ፊት ከብዙ ጊዜ በፊት የሄደ ፊት ነበር፤ መድረክ ላይ ሆና ስትዘምር ከሚክሰሩ ጀርባ ታየው የነበረው።

ነገሩ ሳይውል ሳያድር ተወራ። ሰው መጣ፤ የፕላስቲክ ወንበሩ ሞልቶ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ፓስተሩ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። "ከጌታ ከሆነ እኔ ማነኝ የምከለክለው? ካልሆነም ቆይቶ ይታወቃል" አሉ፤ ይህን እያሉም ግንባራቸውን ያብሱ ነበር። ሰዎች በዚያች ክፍተት አለቀሱ፣ ተንበረከኩ፣ የተጣሉ ታረቁ። የማን ድምፅ እንደሆነ የጠረጠሩም ነበሩ። "እትዬ፣ ድምፅሽ እኮ በሰማይ ተቀምጦልሽ ነው!" አለቻት አንዷ ዘማሪ አንገቷን አቅፋ። እሷም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ልታምን ሞከረች።

ግን ሹክሹክታዋ እየሳሳ መጣ። የማተሚያ ቤቱ ባልደረባዋ "ምን አልሽ?" ማለቱን ትቶ ወረቀት ያቀርብላት ጀመር። ሚኒባስ ውስጥ "እዚህ አውርደኝ" ብላ ሾፌሩ ሳይሰማ ሰፈሯን አልፎ ሄደ፤ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ተመለሰች። መዝሙሩ በተዘመረ ማግስት ይብስባታል። አንድ ቀን ከወጥ ቤት ባሏን ጠራችው፤ በሩ ክፍት ነው፣ እሱም ሳሎን ተቀምጧል። ሁለተኛ ጠራችው። ሄዳ ፊቱ እስክትቆም ድረስ ቀና አላለም። "ምን አልሽ?" እንኳን አላላትም፤ የተባለ ነገር መኖሩን አላወቀማ።

ወደ ሳህኖቿ ተመለሰች። ጣቷ ሳታስበው የመታጠቢያውን ጠርዝ እየመታ ቀለም ይቆጥር ነበር፦ አፍም ሲዘጋ፣ ድምፅ ይሰማል። አጥብቃ አለችው፣ እንደ መዘምራኑ። ያን ጊዜ እጇ ላይ ያለው የሞቀ ውሃ ቀዘቀዘባት። ራሷ ናት የጻፈችው። አፉ ሲዘጋ ነው ድምፁ የሚሰማው፤ ቃሉ እንደዚያ ይላል፣ ቃሉም እየሆነ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከእስክሪብቶ የወጣው ወዴት እንደሚሄድ የተናገረ የለም።

ባለሽቦው ደግሞ ገመድ ልጠግን እያለ በሥራ ቀን አዳራሹ መሄድ ጀመረ። ገመድ ይህን ያህል የሚበጠስበት አዳራሽ የለም። ሐሙስ ከሥራ አስፈቅዳ ተከተለችው። ደረጃው ሥር የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ስትጨምቅ አገኘቻት። አሮጊቷ ቀና ብላ አየቻትና እጇ ቆመ።

"አንቺ ፎቅ ላይ አልነበርሽም እንዴ ልጄ?" አለቻት። "አሁን እኮ ከባልሽ ጋር ስትዘምሪ እየሰማሁሽ ነው የወረድኩት።"

መልስ ልትሰጣት ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። አሮጊቷ ፈገግ ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ ምንም አልሰማችም።

የአዳራሹ መጋረጃ ተጋርዶ የከሰዓቱ ፀሐይ ቢጫ ሆኖ ይገባ ነበር። ባሏ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ጎን ለጎን አድርጎ በአንዱ ተቀምጧል። ዓይኑን ጨፍኗል። አዝማቹን በዚያ ዜማ በማያውቅ ድምፁ ቀስ ብሎ እያለ ክፍተቱ ላይ ያቆማል፤ በባዶው ወንበር በኩል ያቺ ድምፅ ትመልስለታለች። ሳቅ ያለበት ድምፅ ነው። አዲስ ተጋቢ ሳሉ የነበራት ድምፅ። ሚስቱ ከኋላው ቆማ ሰማች፤ ቀናች፤ በገዛ ራሷ ላይ ቀናች። እንዲህ ያለ ቅናት ደርሶበት የሚያውቅ ሰው እንዳለ እንጃ፤ ለማንስ ይነገራል?

ትከሻውን ነካችው። ደንግጦ ዞረና "መቼ መጣሽ?" አለ። ወዲያው ግን እጇን ይዞ ሳብ አደረጋት። "ቆይ፣ አትናገሪ። ስሚያት።"

ስሚያት አለ። እሷ እንግዲህ ሌላ ሰው ሆናለች ማለት ነው።

"እኔ ነኝ" ልትለው አፏን ከፈተች። ትንፋሽ እንኳን አልወጣም። ቦርሳዋን በርብራ ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣች፣ የመዝሙሩን ወረቀት ከመሪው የወረቀት መቆሚያ ላይ አንሥታ በትልቁ ጻፈችበት፦ "ይሰማል እንጂ ይሰማል አይደለም።"

ባለሽቦው አነበበ። ደግሞ አነበበ። "ምን ማለት ነው? አንድ አይደለም እንዴ?"

ያን ያህል ባትፈራ ኖሮ ትስቅ ነበር። በሕይወቷ ስንት መጽሐፍ ያረመች ሴት ይህን ማረም አቃታት፤ በወረቀት አይታረምም፣ በአፍ ነው የሚታረመው፣ አፏን ደግሞ ያው ቃል ወስዶታል። እንደገና አሰበችና ከ"ድምፅ" ኋላ አንዲት "ን" ጨመረች። ድምፅን ይሰማል። ከጎኑ "ጌታ" ብላ ጻፈች።

አሁን ገባው። ከንፈሩ አላልቶ አለው፣ ያለ ድምፅ። በባዶው ወንበር በኩል የነበረው እንጉርጉሮ ቀጥ አለ፤ ስሙ ሲጠራ እንደሚያዳምጥ ሰው።

"ይህን ከነገርኳቸው ትሄዳለች" አለ ባለሽቦው።

እጁን ወሰደችና ጠባሳው ላይ፣ ጉሮሮዋ ላይ አደረገችው። "እኔ ነኝ" አለችው በከንፈሯ ብቻ። ከጣቱ ሥር የሚርገበገብ ነገር አልነበረም። እጁን ወዲያው አላነሣም። ግን እሺም አላላትም። "እስቲ ላስብበት" አለ፤ ዓይኑም ወደ ወንበሩ ሄደ።

ቅዳሜ ልምምድ ላይ ወረቀቱን ለመሪው ራሷ ሰጠችው። መሪው "ን"ዋን አይቶ ራሱን እየነቀነቀ "እትዬ፣ አንድ ቀለም ጨመርሽ እኮ፤ ዜማው ይሰበራል። ደግሞ ሰው በቃሉ ይዞታል፣ አሁን አንንካው" አለና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከመዘምራኑ ፊት ቆመች። አፏን ከፈተች፣ በሙሉ አቅሟ ጮኸች። ከፊት የቆመችው ልጅ "እትዬ፣ ውሃ ላምጣልሽ?" አለቻት።

ወደ ሚክሰሩ ዞረች። ባሏ ሄድፎኑን አድርጎ አንገቱን ደፍቷል። እንደማያደርገው አወቀች። አልፈረደችበትም ማለት ውሸት ነው፤ ፈረደችበት፣ ግን ደግሞ ገባት። እሷም ብትሆን ለድምፅዋ ብላ በመጀመሪያው እሑድ ስህተቱን ዝም ብላ አልፋዋለች።

መዘምራኑ ጀመሩ። አዝማቹ መጣ። ክፍተቱ ጋ ሳይደርሱ ድምፅዋ ገባች፤ አሁን ትንፋሽ ቦታ አልጠበቀችም፤ ከሁሉም በላይ ወጣች፣ መስኮቱን አንቀጠቀጠች። ሚስቱ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አየር ወደ ውስጥ እየገባላት ነው፣ የሚወጣው ግን በዚያች ድምፅ በኩል ነበር።

ድምፅ ማጉያው ቋ አለ።

"አቁሙ።" ባለሽቦው ነበር፤ ማይኩን አፉ ላይ ለጥፎታል። "ቃሉን አበላሽታችሁታል። ላልቶ ነው። ይሰማል። ጌታ ነው የሚሰማው።"

"ዜማው ግን..." አለ መሪው።

"ዜማውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት። እንዲህ ነው" አለና ራሱ ዘመረው። እንደዚያ ያለ አዘማመር በዚያ አዳራሽ ተሰምቶ አያውቅም፤ ከአንዱ ዜማ ወድቆ ሌላው ላይ የተነሣ ድምፅ ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ይሳቅበት ነበር። ግን ቃሉን አላላው፤ ሰውም ሁሉ ሰማው። ዓይኑ ሞልቶ ነበር። "ድገሙት" አለ።

ኪቦርድ ተጫዋቹ ክብደቱን ከቃሉ ላይ አነሣ። መዘምራኑ ፈራ ተባ እያሉ ዘመሩት፦ ሰው በሌለው ቤት ድምፅ ይሰማል። ላልቶ ሲወጣ ቃሉ ቀለል ያለ፣ ለማለት ያህል የተባለ ዓይነት ነበር። አፍም ሲዘጋ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ትንፋሽ ወሰዱ።

ማንም አልገባበትም። አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች።

ግን ባዶ ዝምታ አልነበረም። ስልክ ላይ ከወዲያ በኩል ያለው ሰው መናገሩን ትቶ ሲያዳምጥ ይታወቃል አይደል? እንደዚያ ነበር። አዳራሹ ሙሉውን ጆሮ ሆነ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ጉሮሮውን ሊጠርግ ብሎ ተወው። ለሳምንታት በድምፅዋ ያለቀሱ ሰዎች አሁን ማንም ሳይናገራቸው ራቁታቸውን የቆሙ ያህል ልብሳቸውን ሰበሰቡ። መሪው መዝሙሩን አልቀጠለም። "ለዛሬ ይበቃናል" ያለው በጣም ቀስ ብሎ ነው።

ሁሉም ወጡ። ባልና ሚስቱ ገመዶቹን ጠቅልለው የመጨረሻ ቀሩ። ባለሽቦው በሩን ከመቆለፉ በፊት ሁለቱን የፕላስቲክ ወንበሮች ከሌሎቹ ጋር ደራረባቸው። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ቆመ።

"ልሰናበታት ፈልጌ ነበር" አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ቂል ነኝ አይደል? አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። አውቃለሁ፣ ግን ልሰናበታት ፈልጌ ነበር።"

ከተዘጋው በር ወዲያ ያ ዝምታ አሁንም ነበር፤ ሁለቱም እዚያ መሆኑን ያውቁታል። ጎማ ቤቱ ብረት ላይ መዶሻ ይመታ ነበር፣ መንገዱም መኪና ሞልቶታል። እንዲህ ባለ ጫጫታ መሐል እንኳን የእሷ ንፋስ የጤነኛ ሰው ቃልም አይሰማም። አጠገቡ ሄደች፣ ወደ ጆሮው ግን አልተጠጋችም፤ ከቆመችበት ደረጃ ላይ ሆና፣ በተመለሰችላት በዚያች ትንሽ ትንፋሽ፣ አንዲት ቃል አለችው።

ባለሽቦው ዞሮ አያት። ዓይኑን ጠረገና እሺ አላት፤ ምን አልሽ አላላትም።